አሮጌ ቡፌ የእባብ ቤት ሲሆን፦ ለካርቱም ሙቀት የተዘጋጀ መመሪያ

ስለ እባብ ማኖሪያ የሚጻፈው መመሪያ አብዛኛው የብርድ አገር ሰው የጻፈው ነው። ጭንቀቱ ሁሉ ሙቀት እንዴት እንደሚጨመር ነው፤ የትኛው አምፖል፣ ስንት ዋት፣ ለስንት ሰዓት። ካርቱም ተቀምጦ ያንን እንዳለ የሚከተል ሰው እባቡን በአንድ ቀትር ሊገድለው ይችላል። በከተማዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ማለፉ የዘወትር ነገር ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ የተዘጋ ሳጥን እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ ከመጋዝና ከመዶሻ በፊት መልስ የሚሻው ጥያቄ አንድ ነው፦ መብራት በሌለበት ቀትር የዚህ ሳጥን ውስጡ ስንት ዲግሪ ይሆናል?

አሮጌ የእንጨት ዕቃ እዚህ ላይ ከመስታወት ገንዳ ይበልጣል። ሁለት ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ የውጩን ሙቀት አዘግይቶ ያስገባል፤ መስታወት ግን ወዲያው ያሳልፈዋል። ሦስቱ ጎኖች ጨለማ መሆናቸውም ለእባቡ ደግ ነው። ከየአቅጣጫው የሚታይ እባብ ሲሸሸግና ሲደነግጥ ይውላል፤ መብላትም ያቆማል። ዋጋውም ቢሆን ከአዲስ ሥራ በብዙ ይረክሳል።

መጀመሪያ እባቡን ይወቁ

ቤቱ የሚለካው በነዋሪው ነው። ለካርቱም የምመክረው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ የአሸዋ ቦአ። መርዝ የለውም። ከግብጽ ጀምሮ በሱዳን፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አድርጎ እስከ ታንዛኒያ የሚገኝ የአካባቢያችን እንስሳ ነው። ሴቷ 80 ሳንቲሜትር አካባቢ ትደርሳለች፤ ወንዱ ከዚያ በጣም ያንሳል። ቀኑን አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ ዓይንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ነው የሚውለው። ደረቅ አየር አይከብደውም፤ ሰፊ ቦታም አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የሚወደው ሌላው ቦል ፓይተን የሚባለው ትንሹ ዘንዶ ነው። ሲፈራ እንደ ኳስ ይጠቀለላል፤ ጠባዩም ለስላሳ ነው። ይሁን እንጂ አየሩ መካከለኛ እርጥበት ካልያዘ ቆዳውን በደንብ መግፈፍ ይቸገራል፤ የካርቱም የበጋ አየር ደግሞ አፍንጫ የሚያደማ ደረቅ ነው። የሚቻል ቢሆንም ለጀማሪ አልመክረውም። ትልቁን የአፍሪካ ዘንዶ ግን ከነጭራሹ ይርሱት። ጫጩቱ ሲታይ ያምራል፤ አድጎ አራት ሜትር ሲደርስ የሚችለው ቡፌ የለም።

በካርቱም ዙሪያ ካሉት እባቦች መካከል መርዛማዎች አሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተመደበው መርዝ የሚተፋው የኑቢያ ኮብራ አለ፤ አሸዋ ላይ የሚተኛው ቀንዳም እፉኝት አለ፤ ቅርፊቱን እያፋተገ ድምፅ የሚያሰማው ትንሹ እፉኝትም አለ። ይህ የመጨረሻው ለብዙ ሰው ከአሸዋ ቦአ ጋር ይመሳሰልበታል፤ ሁለቱም ጠይምና ብጫማ ነጠብጣብ አላቸው፤ ሁለቱም አሸዋ ይወዳሉ። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ምንም መርዝ የሌለው እንቁላል በል እባብ እንኳ የእፉኝቱን ድምፅ መኮረጁ ነው። በጥቅሉ የቦአው አንገት ከራሱ አይለይም፤ ጅራቱም አጭር ነው። የእፉኝቱ ራስ ግን ከቀጭን አንገት ላይ ሰፋ ብሎ ይታያል። ይህን የምነግርዎ ቀርበው እንዲያረጋግጡ አይደለም። ከሜዳ የተያዘ እባብ፣ ማንም ይያዘው ማን፣ ወደ ቤት አይግባ። የመድኃኒት አቅርቦት በተናጋበት ከተማ የእባብ መርዝ ማርከሻ እንደልብ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ቦአውም ዘንዶውም ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ሱዳንም ኢትዮጵያም አባል አገሮች ስለሆኑ ያለ ፈቃድ ድንበሩን ከገላባት ወደ መተማ ይዞ መሻገር ወንጀል ነው። ይህን እዚህ ላይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከካርቱም በድንገት መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ብዙ ሐበሻ ያውቀዋል።

የሙዚየሙ ነገር

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳኑ ጦርነት ሲጀመር፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከመቶ ያላነሱ ሕያዋን እንስሳት ነበሩት። የዓባይ አርጃኖ፣ የበረሃ ኤሊ፣ ቀንዳም እፉኝትና የኑቢያ ኮብራም ነበሩበት። ሙዚየሙ ውጊያው ከበረታበት የጦር ኃይሎች ጠቅላይ መምሪያ አካባቢ በመሆኑ ማንም ሊደርስላቸው አልቻለም። ከሳምንታት በኋላ የሙዚየሙ ኃላፊ እንስሳቱ ሁሉ በረሃብና በጥም ሳያልቁ እንደማይቀሩ ተናገሩ። እነዚህ የሠለጠነ ጠባቂ፣ የእንስሳት ሐኪምና ተቋም የነበራቸው ናቸው። የግለሰብ ሳሎን ውስጥ ያለ እባብ ከዚህ የባሰ እንጂ የተሻለ ዋስትና የለውም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የሳጥን አሠራር ሁሉ ይህን ግምት ውስጥ ያስገባ ነው፦ ያለ መብራት፣ ያለ ባለቤት፣ ቢያንስ ጥቂት ቀናት የሚያኖር ቤት።

ዕቃውን መምረጥ

ካርቱምና ኦምዱርማን ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ደላላ ይባላል። ዕቃው እንደየቀኑ ነው፤ ከመንግሥት ቤት የወጣ የማሆጋኒ ቁም ሳጥን ከቻይና ቺፑድ ጋር ጎን ለጎን ሊቆም ይችላል። ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ሁሉ የተዘረፈ ዕቃውን እየፈለገ ነው። ስለዚህ “ከየት መጣ?” ብለው ይጠይቁ። ሻጩ መልስ ካጣ፣ ወይም ቁም ሳጥኑ በር ላይ የሰው ፎቶ ተለጥፎ ከቀረ፣ ርካሽነቱ አያጓጓዎት። ከሁሉ የሚሻለው የራስዎ ወይም የሚያውቁት ሰው ዕቃ ነው።

ለዚህ ሥራ የተወለደ የሚመስለው ነምሊያ ነው፤ ፍሪጅ ከመምጣቱ በፊት ምግብ ከጉንዳንና ከዝንብ የሚጠበቅበት ባለ ወንፊት የእንጨት ቁም ሳጥን። እግር አለው፤ አየር ያስገባል፤ ጠንካራ ነው። ቀጥሎ የቴሌቪዥን ቡፌ ይመጣል። ልብስ የሚሰቀልበት ረጅም ቁም ሳጥን ከሆነ በጀርባው አስተኝተው ግማሹን መጠቀም ይችላሉ። የአሸዋ ቦአ መውጣት አይወድም፤ የሚፈልገው ቁመት ሳይሆን የወለል ስፋት ነው። ለአንዲት ሴት ቦአ 90 በ45 ሳንቲሜትር ወለልና 45 ሳንቲሜትር ቁመት ይበቃል። ቦል ፓይተን ካሉ ግን 120 በ60 በ60 ያስፈልጋል።

እንጨቱ ማሆጋኒ፣ ቲክ ወይም ሱንት ቢሆን እሰየው። ሱንት በሁለቱ ዓባዮች መገናኛ ያለው ደን ዛፍ ነው፤ የዓባይ ጀልባ ይሠራበት የነበረ፣ ምስጥም ቶሎ የማይደፍረው ጠንካራ ግራር። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ሙጫቸውም በሙቀት ጊዜ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል። ሌላ ከጠፋ እያንዳንዱን የተቆረጠ ጠርዝ ድፍን አድርገው ይቀቡት። እንደ ጥድ ያለ ሽታው የሚጣፍጥ እንጨት ግን አይሁን። ለእኛ መዓዛ የሆነው ዘይት የእባብን ሳንባ ያውካል።

ዕቃውን ሳይከፍሉበት በፊት በጣትዎ ያንኳኩት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ ከሥሩ ዱቄት ካራገፈ ወይም የጭቃ መስመር ካለበት ምስጥ ወይም ነቀዝ ገብቶበታል። ሻጩ “መድኃኒት ረጭቼዋለሁ” ካለ ይብሱን ይተዉት። ለምስጥ የሚረጨው መርዝ እንጨቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እባብም ሆዱን እንጨት ላይ ጥሎ የሚኖር እንስሳ ነው።

ሽታን ማስለቀቅ

የካርቱም ቁም ሳጥን ሁለት ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ናፍታሊንና ቡኹር። የመጀመሪያው መርዝ ነው፤ ሁለተኛው የሰንደልና የሽቶ ጭስ ቅሪት ነው። ሁለቱም በውኃ ብቻ አይለቁም። መሳቢያውን፣ መደርደሪያውንና በሩን ሁሉ ያውጡ፤ የተለጠፈውን ወረቀት ይላጡ፤ በሙቅ ውኃና ሽታ በሌለው ሳሙና ይጠቡት፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይጣሉት። እዚህ ጋ የአየሩ ጠባይ ባለውለታ ነው፤ ሁለት ሳምንት የበጋ ፀሐይ ምንም ኬሚካል የማይሠራውን ይሠራል። ጥላ ውስጥ አስገብተው ሌሊቱን ዘግተው ያሳድሩትና ጠዋት ከፍተው ያሽቱ። አሁንም ናፍታሊን ካለው ያ ዕቃ ለእባብ አይሆንም፤ የመጽሐፍ መደርደሪያ ያድርጉት።

ያረጀ የዘይት ቀለም ያለበት ከሆነ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት እንደሚችል ይገምቱ። በደረቁ አይፈግፍጉት፤ በእሳትም አያቃጥሉት። እንጨቱን እያረጠቡ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ልጆችን ያርቁ፤ የተጠረገውን በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት።

መድፈንና መቀባት

በካርቱም በጋ እንጨት ይኮማተራል። ሐምሌ ላይ ድፍን የነበረ መገጣጠሚያ ግንቦት ላይ እስክሪብቶ ያስገባል። ጠባብ ስንጥቅ ለእባብ በር ነው፤ የቦአ ጫጩት ደግሞ ከእርሳስ ብዙ አይወፍርም። ስለዚህ የመድፈኑን ሥራ በደረቁ ወራት፣ እንጨቱ በጣም በተኮማተረበት ጊዜ ያድርጉት። ሰፊውን ክፍተት በቀጭን እንጨትና በኮላ፣ ውስጣዊ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በሲሊኮን ይድፈኑ። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያልተጨመረበት፣ ለዓሣ ገንዳ የሚሆነው ዓይነት ይሁን። መጀመሪያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው ጨርሶ ሲጠፋ ደርቋል ማለት ነው።

ቀለሙ ውኃ ወለድ ቫርኒሽ ይሁን፤ ለውስጥ ሦስት እጅ፣ ለወለሉ አራት። በቀትር ከቀቡት ላዩ ወዲያው ይደርቅና ሥሩ አረፋ ይቋጥራል። ጎሕ ሲቀድ ወይም ከመግሪብ በኋላ ቀጠን አድርገው ይቀቡት። አንዱ እጅ ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ። ከመጨረሻው እጅ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተከፍቶ ይቆይ። አናጺው “እኔ የቀባሁት በማግስቱ ነው የሚሠራው” ዓይነት ነገር ይልዎታል፤ ለልብስ ማስቀመጫ ከሆነ ልክ ነው።

ወለሉ የሚሸከመው

ብዙዎች ይህን የሚያስተውሉት ወለሉ ከተሰበረ በኋላ ነው። የአሸዋ ቦአ ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው አሸዋ ይፈልጋል። 90 በ45 ወለል ላይ ይህ 32 ሊትር አሸዋ ነው፤ ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የቡፌ ጀርባና የመሳቢያ ወለል ብዙውን ጊዜ ስስ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በሁለት ወር ውስጥ ይጎብጣል። ከሥሩ በወርዱ በኩል ሦስት ወፍራም መቋሚያ እንጨቶች በብሎን ይሰሩ፤ ምስማር ብቻውን አይታመንም። እግሮቹም ቢወዛወዙ በብረት ማዕዘን ያጠናክሯቸው።

ፊት ለፊቱ

የእንጨት በር በማጠፊያ እንዳለ ቢቀር ይቻላል፤ ነገር ግን በተከፈተ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ይከፈታል፤ እባቡም ያንን ይማራል። የሚንሸራተት መስታወት ይሻላል። የነምሊያው የወንፊት በር ደግሞ በሙሉ ፊት ላይ መቅረት የለበትም፤ እባብ አፍንጫውን ሽቦ ላይ እየፈገፈገ ያቆስለዋል።

ከአልሙኒየም ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሁለት ሸንተረር ያለው ሐዲድ ይግዙ። የታችኛው 5 ሚሊሜትር፣ የላይኛው 12 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው። ሐዲዶቹን ከገጠሙ በኋላ ከታችኛው ሸንተረር ወለል እስከ ላይኛው ሸንተረር ጣሪያ ያለውን ቁመት ይለኩና ሰባት ሚሊሜትር ይቀንሱ፤ የመስታወቱ ቁመት ያ ነው። እንዲህ ሲሆን መስታወቱ ወደ ላይ ተገፍቶ ይገባል፤ ወደ ታች ወርዶ ይቀመጣል፤ ከላይ በአምስት ሚሊሜትር ተይዞም ይቀራል። እንጨቱ በክረምት ቢያብጥም አይጨናነቅም። የእያንዳንዱ መስታወት ወርድ የበሩ ግማሽ ሲደመር ሁለት ሳንቲሜትር ነው፤ ሁለቱ አራት ሳንቲሜትር ይደራረባሉ። ውፍረቱ ከአራት እስከ ስድስት ሚሊሜትር ሆኖ ጠርዙ ይሞረድ።

በተደራረቡበት ቦታ በሁለቱ መካከል ቀጭን ክፍተት ይኖራል። እባብ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው። የፕላስቲክ ወይም የብሩሽ ጥብጣብ ይለጥፉበት። መቆለፊያው ወርቅ ቤቶች የመስታወት መደርደሪያቸውን የሚቆልፉበት ጥርሳማ ዘንግ ያለው ዓይነት ይሁን። ሁለት ቁልፍ አለው፤ ወደ ሁለተኛው ቁልፍ በኋላ እንመለሳለን።

አየር፣ አቧራና ጉንዳን

በአንደኛው ጎን ዝቅ ብሎ፣ በተቃራኒው ጎን ከፍ ብሎ የአየር ቀዳዳ ይከፈት። የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቃዛውን በታችኛው ይስባል። ታችኛው ቀዳዳ ከአሸዋው ከፍታ በላይ ይሁን። ለ90 ሳንቲሜትር ሳጥን በየጎኑ 10 በ20 ያህል መስኮት እከፍታለሁ፤ በብርድ አገር መመሪያ ከሚባለው ይሰፋል፤ ይስፋ። የማይዝግ የሽቦ ወንፊት ከውስጥ በኩል በእንጨት ክፈፍ ተይዞ ይመታ፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ብቅ እንዳይል በጣትዎ ዳስሰው ያረጋግጡ።

ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ቀኑን ጨለማ የሚያደርገው ልም አቧራ በዚህ ወንፊት ይገባል። ከውጭ በኩል በቬልክሮ የሚለጠፍ ስስ የጥጥ ጨርቅ ያዘጋጁ፤ አቧራው ሲመጣ ይለጥፉ፤ ሲያልፍ ወዲያው ያንሱት። ረስተውት ቢያድር አየር ያፍናል።

ጉንዳን ቆዳውን የሚገፍ እባብ ላይ ከዘመተ ሊገድለው ይችላል። ፍሊት አይረጭም፤ አራቱን እግሮች ውኃ ባለባቸው ጣሳዎች ውስጥ ያቁሙ። ዴንጊ በሚዛመትበት ከተማ የቆመ ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል፤ ስለዚህ ከላዩ ትንሽ ያገለገለ የምግብ ዘይት ያፍስሱበት።

ማቀዝቀዝ

ሳጥኑን ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል፣ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ያስቀምጡት፤ ክፍል ውስጥ ቀዝቃዛው አየር ከታች ነው። የሳጥኑ ሞቃት ጎን ከ32 እስከ 35፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ቢሆን ለቦአው ምቹ ነው። ቀዝቃዛው ጎን 32ን ሲያልፍ አንድ ነገር ማድረግ አለብዎት። 40 ዲግሪ ላይ ሁሉም ጎን እኩል ከሆነ እባቡ መሸሻ የለውም፤ ይሞታል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ያለ ልማዱ መስታወቱ ላይ የሚንፏቀቅ ወይም ውኃው ውስጥ ገብቶ የማይወጣ ከሆነ ሙቀቱ በዝቶበታል።

በካርቱም ቤቶች የሚሠራበት የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ሙከይፍ ሞያ የሚሉት፣ በደረቁ ወራት ክፍሉን በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ኤሌክትሪክ የሚበላውም ከኮንዲሽነር ያነሰ ስለሆነ በመጠነኛ ሶላር ይሠራል። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ ሲረጥብ ጉልበቱ ይደክማል። ንፋሱ በቀጥታ ሳጥኑ ላይ እንዳይመታ ያድርጉ።

መብራት ሲጠፋ ግን የሚያገለግለው ሸክላ ነው። ለአላፊ አግዳሚ ውኃ የሚቀመጥበትን ዚር የሚያቀዘቅዘው ያልተለበጠው ሸክላ የሚያልበው ውኃ ነው። ይኸው ዘዴ በትንሹ እዚህ ይሠራል። አንድ ሊትር ያህል የሚይዝ ያልተለበጠ ገንቦ አፉ ተከድኖ በሳጥኑ ቀዝቃዛ ጎን፣ እንዳይንከባለል በሰፊ ሳህን ላይ ይቀመጥ። አየሩ በደረቀ መጠን ይበልጥ ይቀዘቅዛል። አሸዋው እንዳይርስ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን በየቀኑ ይድፉ። በክረምቱ ወራት ያውጡት፤ እርጥብ አሸዋ የቦአውን የሆድ ቅርፊት ያቆስላል። ከዚህ በተጨማሪ የክፍሉ መስኮት ላይ የተነከረ ኬሻ ይሰቀል። በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ካለዎት በጨርቅ ጠቅልለው በቀዝቃዛው ጎን ጣሪያ ላይ፣ ከውጭ፣ ያስቀምጡት እንጂ ወደ ውስጥ አያስገቡት።

ማሞቅ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊቱ 15 እና 16 ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ ያኔ ብቻ ማሞቂያ ያስፈልጋል። ማሞቂያ ምንጣፍ በእንጨት ሥር አይነጠፍ፤ እንጨቱ ሙቀቱን ስለሚያፍነው እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከአሸዋ ሥርም አይሁን፤ ቦአ ሲሞቀው የሚቆፍረው ወደ ታች ስለሆነ ወደ ማሞቂያው ይጠጋል። ብርሃን የማይሰጥ የሸክላ ማሞቂያ ከጣሪያው ይንጠልጠል፤ ፖርታላምፓው ከሸክላ የተሠራ ይሁን፤ ዙሪያውን የሽቦ ቅርጫት ይክበበው፤ ከላዩ ያለው እንጨት በቆርቆሮ ይሸፈን። ቴርሞስታት ከሌለዎት ማሞቂያም አይኑርዎት። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ዘሎ ስለሚመጣ ቴርሞስታቱን ያቃጥለዋል፤ ስታቢላይዘር ይግባበት። ከቴርሞስታቱ የተለየ ሌላ ቴርሞሜትር በየጎኑ አንድ አንድ ይሁን። መጋቢት ሲገባ ማሞቂያውን ከነሽቦው ነቅለው ያኑሩት።

የውስጡ ዕቃ

አሸዋው የግንባታ የወንዝ አሸዋ ሊሆን ይችላል። ይንፉት፤ ውኃው እስኪጠራ ይጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ጂፕሰም ወይም ሲሚንቶ የነካው አይሁን። በሁለቱም ጎን ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸክላ መሸሸጊያ ያድርጉ፤ ድንጋዩ ግን ወለሉ ላይ ይረፍ፤ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ቦአው ከሥሩ ሲቆፍር ይጫነዋል። የማይገለበጥ የውኃ ሳህን አይርሱ።

ምግቡ ከመንገድ የተያዘ አይጥ አይሁን፤ የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር በፍሪጅ የበረደ አይጥ ማከማቸት ተለምዷል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን የበረደው ይቀልጣል፤ ይበላሻል። ለምግብ ተብለው ከሚራቡ አይጦች ምንጭ ሳያገኙ እባብ አያምጡ። ያደገ ቦአ በሁለት ሳምንት አንዴ ቢበላ ይበቃዋል።

አከራይ፣ ጎረቤትና ሁለተኛው ቁልፍ

ደብቆ ማኖር አይሞከር። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ ናቃ ላይ፣ የአንበሳው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የጥንት የሜሮዌ ሰዎች አምላካቸውን አፔደማክን በአንበሳ ራስና በእባብ ገላ ቀርጸውታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ዘንዶው አርዌ ተገድሎ ነው መንግሥት የሚጀመረው። የዛሬ ጎረቤትዎ፣ ሱዳናዊም ይሁን ሐበሻ፣ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ እባብ ካየ ዱላ ያነሣል። አከራይዎ ሐጃም ሆኑ ሐጅ ቀድመው ይስሙ፤ ባይፈቅዱ ነገሩ እዚያው ይለቅ። ከሳጥኑ ላይ የእባቡን ስም፣ መርዝ የሌለው መሆኑንና የእርስዎን ስልክ በዐረብኛና በአማርኛ ጽፈው ይለጥፉ።

ሁለተኛውን ቁልፍ ለሚያምኑት አንድ ጎረቤት ይስጡ። ምን እንደሚሠራ ያሳዩት፤ ውኃ መሙላት፣ ገንቦውን መሙላት፣ ኬሻውን መንከር። ምግብ አይስጥ። ጤነኛ ቦአ ያለ ምግብ ሳምንታት ይቆያል፤ ያለ ውኃና በሙቀት ግን አይቆይም። ከሳጥኑ ሥር አንድ የትራስ ልብስና ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ሣጥን ይኑር። በድንገት ከሰፈር መውጣት ከመጣ እባቡ የትራስ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ አፉ ይቋጠራል፤ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። በር ከፍቶ መልቀቅ መፍትሔ አይደለም፤ ሰው ይገድለዋል ወይም ሙቀቱ ይጨርሰዋል። ድንበር መሻገር ከሆነ እዚያው የሚቀር ተረካቢ ከወዲሁ ይታወቅ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለዎት እባብ የማኖር ጊዜዎ ገና ነው።

የመጨረሻው ሥራ ባዶ ሙከራ ነው። ሳጥኑ ካለቀ በኋላ አሸዋው፣ ውኃውና ገንቦው ገብቶ፣ እባብ ሳይኖርበት፣ በግንቦት አንድ ሙሉ ሳምንት ይቆይ። ከፍተኛውን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር በቀዝቃዛው ጎን አሸዋ ውስጥ ይቀበር። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ሆን ብለው ከጠዋት እስከ ማታ ያጥፉት። ቴርሞሜትሩ ያን ቀን ከ34 በላይ ካሳየ ሳጥኑ ቦታ ይቀየር፤ የአየር ቀዳዳው ይስፋ፤ እንደገና ይሞከር። ያን ጊዜም 34ን ካለፈ በዚያ ክፍል ውስጥ እባብ አይኖርም፤ ቡፌውን ለብርጭቆና ለሲኒ ያድርጉት።